ልጄ ፒኤችዲ እማራለሁ አለ፤ ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እንደምን ዋላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነው፣ ባዮሎጂ። ነርሲንግ ወይ ፋርማሲ ይዞ ቶሎ ሥራ ይገባል ስንል «እኔ ሪሰርች ነው የምፈልገው» አለን። አባቱ ኡበር ነው የሚሠራው። ሌላ አምስት ስድስት ዓመት ማን ይከፍላል ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ምከሩን።

መልስ፣ ከባልቲሞር

እትዬ፣ መጀመሪያ ባለቤትዎ ይተኙ። በሳይንስ ፒኤችዲ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ይከፈለዋል። የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ ለቤት ኪራይና ለምግብ የምትሆን ስታይፔንድም አለች። ሀብታም አታደርግም። ብድር ውስጥ ግን አትከትም። ይሄን ለኛ ቤት የነገረ ሰው ስላልነበረ አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ለኔ ፒኤችዲ ዕቁብ ሲጥል ነበር።

የሚያስቸግረው በሩን ማንኳኳቱ ነው። ውጤት ብቻ አይበቃም፤ ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ የሠራ ልጅ ነው የሚፈልጉት። ላብ ለመግባት ደግሞ ፕሮፌሰር ማናገር አለበት። የኛ ልጅ ትልቅ ሰው ካልጠራው አይቀርብም። እኔ የባዮኬሚስትሪ መምህሬ በር ድረስ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። በሩ እኮ ክፍት ነበር፣ ተማሪ የምታነጋግርበት ሰዓትም ወረቀት ላይ ተለጥፏል። በአራተኛው ራሷ አይታኝ «መንገድ ጠፍቶህ ነው ወይስ እኔን ፈልገህ?» አለችኝ። በሳምንቱ ላቧ ውስጥ ቁጭ ብዬ የፒፔት (የፈሳሽ መለኪያ) ጫፍ በሳጥን ስደረድር ነበር። ያሰለቻል። ግን በኋላ የድጋፍ ደብዳቤዬን የጻፈችው እሷ ናት። እና ልጁን «ጨዋ ሁን» ማለቱን ለጊዜው ይተዉለት። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል።

አር.ኢ.ዩ የሚባለውን ይፈልግ። በብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ በየዩኒቨርሲቲው የሚካሄድ የሰመር ምርምር ነው፣ ብዙውን ጊዜ 10 ሳምንት አካባቢ። ይከፍላሉ። የብዙዎቹ ማመልከቻ ግን ጃንዋሪና ፌብሯሪ ላይ ያልቃል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሜይ ላይ ነበር መጠየቅ የጀመርኩት፤ ሰመሩን ፓርኪንግ ስሠራ አሳለፍኩት።

ኮሌጁ ማክኔር የሚባል ፕሮግራም ካለውም ይጠይቅ። በዋናነት ወላጆቻቸው ዲግሪ የሌላቸው፣ ገቢያቸውም ዝቅ ያለ ተማሪዎችን ለፒኤችዲ ያዘጋጃል። የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1986 በቻሌንጀር አደጋ በሞተው የጠፈር ተመራማሪ በሮናልድ ማክኔር ነው። በ9 ዓመቱ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጥቁር ስለሆነ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አናውስህም ብለው ፖሊስ ጠርተውበታል። ከኤም.አይ.ቲ በፊዚክስ ፒኤችዲ ያገኘው ይኸው ልጅ ነው።

ታናሽ ካለው ደግሞ እዚሁ ዩ.ኤም.ቢ.ሲ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ሜየርሆፍ የሚባል የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ይዩ። ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ አለ፣ የሚያመለክቱት ገና 12ኛ ክፍል ሳሉ ነው። ሐኪም ብቻ መሆን ለሚፈልግ አይሆንም፤ ፒኤችዲ የሚያስብ ልጅ ነው የሚፈልጉት። የሞደርና የኮቪድ ክትባት ላይ የሠራችው ኪዝሜኪያ ኮርቤት ከዚያ ነው የወጣችው።

የፌደራል በጀት እንደ አየሩ ስለሚለዋወጥ ግን ሁሉንም ደውሎ ያረጋግጥ።

ከአሌክሳንድሪያ

የኛ የአሳይለም ኬዝ ገና ነው። ልጄ ዎርክ ፐርሚት ብቻ ነው ያላት። እሷስ?

ከባልቲሞር

አር.ኢ.ዩ ዜግነት ወይ ግሪን ካርድ ይላል። በዲቪ የመጣ ችግር የለበትም፣ እሷ ግን ትጠብቃለች። እስከዚያ እዚያው ኮሌጇ ላብ ውስጥ በሰዓት ተከፍሏት መሥራት ትችላለች፤ ለዚያ ዎርክ ፐርሚቱ ይበቃል። ደብዳቤ የሚያስገኘውም እሱ ነው። የኔ አባት እስከዛሬ «ዶክተር ነኝ ይላል፣ መርፌ መውጋት አይችልም» እያለ ይስቅብኛል። ይዘጋጁበት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እግዜር ይስጥልኝ። አባቱ «ይከፈለዋል» የምትለዋን ሁለቴ አስነበበኝ። የልጄ ፕሮፌሰር ተማሪ የምታነጋግርበት ሰዓት ሐሙስ ነው አሉ። ልጁ እንዳይመለስ እኔው በር ድረስ አደርሰዋለሁ ብሏል።