ለጾም ኩኪስ ቅቤውን በዘይት ስቀይረው ሊጡ ይንጣለላል፤ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

መሶብ ወርቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጠቀመው ልክ ይሄ ነው፦ 240 ግራም ፊኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ 125 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 1 እንቁላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው። 180 ዲግሪ ላይ 12 ደቂቃ። በፍስክ ችግር የለውም። ለጾም ግን ቅቤውን በ125 ግራም የሱፍ ዘይት፣ እንቁላሉን በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ስቀይር ሊጡ እጅ ላይ ዘይት ይተዋል፤ ኦቨን ሲገባ ተያይዞ አንድ ቂጣ ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ድንጋይ ነው። ዱቄት ልጨምር ወይስ ዘይት ልቀንስ? በፍስክስ የገበታ ቅቤ ሲጠፋ ለጋ ወይም ንጥር ቅቤ ይሆናል?

ዳቦ ቆሎ፦
ዘይቱን ቀንሺ። የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 ያህሉ ስብ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውሃ። ዘይት ግን ሁሉም ስብ ነው። ስለዚህ የ125 ግራም ቅቤ ምትክ 100 ግራም ዘይትና 20 ግራም ውሃ ነው። እጅሽ ላይ የሚቀረው ትርፉ 25 ግራም ነው።

ሌላው እንቁላሉ ነው። እንቁላል ሙቀት ሲያገኘው ይረጋና ሊጡን ይይዘዋል፤ ውሃ ምንም አይዝም። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ተዪው። ማንኪያውን ስታነሺ እንደ እንቁላል ነጭ ከተለጠጠ ደርሷል። ለመጠጥ የተቆላው ተልባ ጣዕሙ ይጎላል፣ ያልተቆላውን ፍጪ።

አሠራሩም ይለያል። ቅቤ ከስኳር ጋር ሲመታ አየር ይይዛል፤ ዘይት አይዝም። ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ውሃውንና ተልባውን አንድ ላይ ምቺው። ዘይቱ ላይ ላዩን መንሳፈፉን ትቶ ሁሉም ሲደፈርስና ወፈር ሲል ዱቄቱን ጨምሪ፤ ነጩ ዱቄት እንደጠፋ አቁሚ፣ ከዚያ በላይ ማሸት ያጠነክረዋል። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። ዘይቱ እዚያ እንደ ቅቤ አይጠነክርልሽም፤ ጥቅሙ ዱቄቱ ውሃውን መጥጦ እንዲጨርስ ነው።

ሙሉ ትሪ ከመጋገርሽ በፊት አንዷን ብቻ ሞክሪ። ከተንጣለለች 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጨምሪ። አየሩ ስለሌለ ቤኪንግ ፓውደሩን ወደ 1 የሻይ ማንኪያ ከፍ አድርጊው።

ሦስት ጉልቻ፦
በመጨረሻዋ አልስማማም፣ አዲስ አበባ ከሆነች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጋዙ በጣም ይሰፋል፤ ኩኪሱ ተነፍቶ መልሶ ይሟሽሻል። ግማሹ ይበቃል። ይልቅ ስኳሩን ወደ 130 ግራም አውርጂው። ስኳር ኦቨን ውስጥ ሲቀልጥ ሊጡን ያቀጥነዋል፣ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ የሚያደርገውም እሱ ነው። ኦቨኑን 190 አድርጊና ከ9ኛው ደቂቃ ጀምሮ ጠርዙን ተመልከቺ፤ መሃሉ ገና ለስለስ እያለ ይውጣ።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን ለጾም ከዘይት ማርጋሪን ይሻላል፣ ከስኳር ጋር ስለሚመታ። ከመቶ 80 ስብ የሚል ከሆነ ልኩን ሳትቀይሪ 125 ግራም። ዳቦ ላይ የሚቀባው ለስላሳው ብዙ ውሃ አለበት፣ ኩኪሱን ኬክ ያስመስለዋል።

መሶብ ወርቅ፦
አዎ፣ አዲስ አበባ ነኝ። የጾም መሆኑንስ በምን ልለይ?

ሦስት ጉልቻ፦
ከፊት ለፊት "የአትክልት" ስላለ አትመኚው። ጀርባው ላይ ወተት፣ የወተት ዱቄት ወይም አጓት የሚል ካለ የጾም አይደለም። የኮኮናት ዘይትም ይሆናል፤ ሁሉም ስብ ስለሆነ እንደ ዘይቱ 100 ግራምና 20 ግራም ውሃ። የሚቀልጠው 24 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ጠዋት ረግቶ ይመታልሻል፣ ድሬዳዋ ግን ያው ዘይት ነው።

ኮረሪማ፦
የቅቤው ጥያቄ ተዘለለ። ንጥር ቅቤ ውሃው ተንኖ ያለቀ ነው፤ 100 ግራም ከ20 ግራም ውሃ ጋር። ነገር ግን ኮሰረትና ነጭ ሽንኩርት የገባበትን ለወጥ ተዪው። ኮረሪማ ብቻ ያለበት ቢሆን ያምራል (ስሜን አትዪ)።

ለጋ ቅቤ ውስጡ ያለው ውሃና አሬራ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ በግራም አይታመንም፣ ኮምጠጥም ይላል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግመሽ እጠቢው። ከዚያ ያለ ምንም ቅመም በዝቅተኛ እሳት አንጥሪው፤ መንጣጣቱን ሲያቆም ውሃው አልቋል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልለሽ 100 ግራም መዝኚ። ትኩሱን ከስኳር ጋር እንዳትመቺው፤ ጣት ሲነካው የሚሰረጉድ እስኪሆን ጠብቂ። ፈሳሽ እንዳለ ከገባ እንደ ዘይቱ ይንጣለላል።

ዳቦ ቆሎ፦
ስለ ቤኪንግ ፓውደሩ ሦስት ጉልቻ ልክ ነው፤ የኔ ልክ ለቆላ ከተማ ነበር። ደግሞ በሱፍ ፋንታ የኑግ ዘይት እንዳታደርጊ፣ ከኑግ ሌላ ጣዕም አይኖረውም።