አሰልጣኞች ቋሚውን ኳርተርባክ እስከ መጀመሪያው ጨዋታ ድረስ የማያሳውቁት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የክላርክስተን አባት

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው አትላንታ አቅራቢያ ነው፤ የአሜሪካን ፉትቦል መከታተል የጀመርኩት ዘግይቼ፣ በልጄ ምክንያት ነው። እኔ ባደግኩበት እግር ኳስ አንድ ቡድን ሁለት ጥሩ ግብ ጠባቂዎች ቢኖሩት አሰልጣኙ አንዱን ይመርጣል፣ ሌላው ተጠባባቂ ይሆናል፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ልጄ ዘንድሮ 16 ዓመቱ ሲሆን በትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ለኳርተርባክነት (ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን ለሚመራው ቦታ) ከአንድ ጓደኛው ጋር እየተፎካከረ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አሰልጣኙ ግን እስካሁን ማን እንደሚሰለፍ አልተናገረም። ልጁ ማታ ማታ ደብተሩን ዘርግቶ በዕለቱ ልምምድ እሱ ከዋናው ቡድን ጋር ስንት ጊዜ እንደተሰለፈ፣ ጓደኛውም ስንት ጊዜ እንደተሰለፈ በእርሳስ ሰረዝ እያሰመረ ይቆጥራል። ትናንት 11 ለ12 ሆነ፤ በዚያች በአንዲቷ ሰረዝ ምክንያት እራቱን ሳይጨርስ ተነሥቶ ተኛ።

ላጽናናው ብዬ እ.ኤ.አ. በ2018 በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በጄለን ኸርትስና በቱዋ ታጎቫይሎዋ መካከል የነበረውን ፉክክር አነሳሁለት። «አባዬ፣ ኸርትስ እኮ ቦታውን አጣ» ብሎ መለሰልኝ፤ እኔም የምለው ጠፋኝ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አሰልጣኝ ኒክ ሳባን ያን ክረምት ሙሉ ዝም ማለቱ ትክክል ነበር? ዝምታው የሚጠቅመውስ ማንን ነው፣ ቡድኑን ወይስ አሰልጣኙን ብቻ?

መልስ 1፦ የተስካሉሳ ተመራቂ

ወንድሜ፣ በዚያ ዓመት የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ፣ በተስካሉሳ፣ ተማሪ ስለነበርኩ ነገሩን በቅርብ ተከታትዬዋለሁ። የሳባን ዝምታ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን ግን ከታሪኩ ልጀምር።

ኸርትስ እንዲሁ በቀላሉ የሚቀየር ተጫዋች አልነበረም። በ2016 ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ አላባማ የሚጫወትበት የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ፣ የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ፣ የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል፤ በቋሚነት ከጀመራቸው 28 ጨዋታዎች ውስጥም አላባማ የተሸነፈው በሁለቱ ብቻ ነው። ጃንዋሪ 8 ቀን 2018 ግን እዚያው እናንተ ከተማ፣ በመርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም፣ በብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዕረፍት 13 ለ0 ሲመራ ሳባን ኸርትስን አስቀምጦ የመጀመሪያ ዓመቱን ልጅ ቱዋን አስገባ። ቱዋ በተጨማሪው ሰዓት በመጀመሪያው ሙከራ ኳስ እንደያዘ ወደ ኋላ ተጥሎ ቡድኑ ብዙ ያርድ ካጣ በኋላ፣ በሚቀጥለው ሙከራ ለዴቮንታ ስሚዝ የ41 ያርድ ኳስ ወርውሮ ጨዋታውን 26 ለ23 ጨረሰው። ታዲያ ከዚያ ሌሊት በኋላ ሳባን «ቋሚዬ ቱዋ ነው» ቢል ኖሮ ማን ይቃወመው ነበር? እሱ ግን በአንድ አጋማሽ ጨዋታ የሁለት ዓመት ሥራ አይሻርም በሚል መንፈስ ውድድሩን ክፍት አደረገው። በጸደዩ ልምምድ ደግሞ ቱዋ የሚወረውርበትን እጁን ተጎዳ፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማየት የሚቻለው በኦገስት ብቻ ሆነ።

አሁን ከሜዳ ውጭ ያለ ሰው በቀላሉ የማያየውን ነገር ልናገር። ቱዋ ግራኝ ነው። በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ሊወረውር ሲዘጋጅ ፊቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ከግራ በኩል የሚመጣበትን አያይም፤ ስለዚህ ጀርባውን የሚጠብቅለት የግራው ታክል (ከፊቱ በሚቆመው የጠባቂዎች መስመር ጫፍ ላይ ያለው ተጫዋች) ነው። ግራኝ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ አደራው ወደ ቀኙ ታክል ይዞራል። ግራኝ የወረወረው ኳስ በአየር ላይ የሚሽከረከረውም በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ ተቀባዮቹ እጃቸውን እንደገና ማስለመድ አለባቸው። ስለዚህ ያን ኦገስት ይፈተኑ የነበሩት ሁለት ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ በየተራው መስመሩም፣ ተቀባዮቹም አብረው ይፈተኑ ነበር።

ሌላው ችግር የልምምዱ ባሕርይ ነው። ኳርተርባኮች በልምምድ ላይ ከሌሎቹ የተለየ ቀለም ያለው መለያ ይለብሳሉ፤ ትርጉሙም «ይህን ልጅ ማንም እንዳይጥለው» ማለት ነው። ተከላካይ አጠገቡ እንደደረሰ ፊሽካ ይነፋል። የኸርትስ ትልቁ ሀብት ደግሞ ሊጥሉት ሲደርሱ አምልጦ በእግሩ መሮጥ ነበር፤ በፊሽካ በሚቆም ልምምድ ይህ ችሎታው በግማሹ ይደበቃል። ሳባን ያንን እያወቀ በልምምድ ውጤት ብቻ መፍረድ አይችልም ነበር። ሴፕቴምበር 1 ኦርላንዶ ላይ ከሉዊቪል ጋር በተደረገው ጨዋታ ቱዋ ጀመረ፣ ኸርትስም ገብቶ ተጫወተ፤ አላባማ 51 ለ14 አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ቦታው የቱዋ መሆኑ ግልጽ ሆነ።

ለልጅዎም የጎደለውን ግማሽ ታሪክ ይንገሩት። ኸርትስ ቦታውን ቢያጣም ቡድኑን አልተወም። ዲሴምበር 1 ቀን በዚያው ስታዲየም፣ ከዚያው ከጆርጂያ ጋር በተደረገው የኮንፈረንስ ፍጻሜ አላባማ እየተመራ ሳለ ቱዋ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ወጣ፤ ኸርትስ ገብቶ 35 ለ28 አሸነፈ። በኋላ ወደ ኦክላሆማ ተዛወረ፣ በ2025 ደግሞ ከፊላደልፊያ ፕሮፌሽናል ቡድን ጋር የሱፐር ቦውልን፣ የአሜሪካን ፕሮፌሽናል ሊግ ፍጻሜ፣ ዋንጫ አንሥቶ የጨዋታው ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

መልስ 2፦ ከኦሃዮ፣ የስፖርት ሕክምና ባለሙያ

የተስካሉሳው ወንድማችን ስለ ልምምዱ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው፤ በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም። እኔ ለጥቂት ዓመታት በአንድ ኮሌጅ ቡድን ውስጥ በስፖርት ሕክምና ረዳትነት ሠርቻለሁ፤ የተራዘመ ውድድር ዋጋውን የማየው ከሜዳው ሳይሆን ከሕክምና ክፍሉ ነው።

በኦገስት የሚፈቀደው ልምምድ 25 ጊዜ ገደማ ነው። አንድ ልጅ ሁለት ቀን ቢታመም ከዚያች ትንሽ ድርሻ ላይ ሁለቱን ያጣል፤ ያጣውንም ተፎካካሪው ይወስደዋል። ስለዚህ ይደብቃሉ። ትከሻው ያበጠ ልጅ «ደህና ነኝ» ብሎ በቀኝ እጁ ምግብ ማንሳት አቅቶት በግራው ሲበላ አይቻለሁ። ስጠይቀው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ለአሰልጣኙ ትነግሪያለሽ?» ብሎ ነበር። ዕድሜው 19 ነው። ውድድሩ በሁለተኛው ሳምንት ቢዘጋ ኖሮ ያ ልጅ እስከ አራተኛው ሳምንት ያንን ሕመም ይዞ አይወረውርም ነበር።

ፍርሃታቸው ደግሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ2017 ኦገስት በኦሃዮ ስቴት ጆ በሮው በልምምድ ላይ የሚወረውርበት እጁ ተሰበረ፤ ሁለተኛው ቦታ ወደ ድዌይን ሃስኪንስ ሄደ። በኖቬምበር ቋሚው ጄ.ቲ. ባሬት ከሚሺገን ጋር ሲጫወት ሲጎዳ የገባው ሃስኪንስ ነበር፤ ጨዋታውንም 31 ለ20 አሸንፎ ወጣ። በሚቀጥለው ጸደይ ውድድሩ ሲከፈት ሃስኪንስ ያን ድል ይዞ ነው የቀረበው። በሮው በሜይ 2018 ወደ ሉዊዚያና ስቴት ተዛወረ፣ በ2019 በ15 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ፣ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማንንም ሽልማት ወሰደ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ መጨረሻው ድል ነው፤ እኔ ግን ስለዚያች የኦገስት ቀን ሳስብ በየሕክምና ክፍሉ ጉዳታቸውን የሚደብቁት ልጆች ይታዩኛል።

ስለ ቡድኑም አንድ ነገር ልጨምር። የመስመር ተጫዋቾች ኳሱ የሚነሳበትን ቅጽበት የሚያውቁት በኳርተርባኩ ድምፅ ነው። አንዱ ቃሉን ሳብ አድርጎ ይጠራል፣ ሌላው ቆረጥ አድርጎ ይጥለዋል። አምስቱ ሰዎች በየተራው ሁለት ድምፅ ሲለማመዱ ከርመው በመጀመሪያው ጨዋታ ሰማንያ ሺህ ሰው በሚጮህበት ስታዲየም ሳይፈቀድላቸው ቀድመው ቢነሡ ልንወቅሳቸው አይገባም። ኦሃዮ ስቴት በ2015 ካርዴል ጆንስንና ባሬትን ይዞ እስከ መጀመሪያው ጨዋታ ድረስ ቋሚውን ሳያሳውቅ ቆየ፤ ውድድሩ ከተጀመረም በኋላ ቦታው ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረ። የቀድሞው ዓመት ሻምፒዮን የነበረ፣ በተሰጥኦ የተሞላ ቡድን ነበር፤ ከሚሺገን ስቴት ጋር 17 ለ14 በመሸነፉ ዋንጫውን የመከላከል ዕድሉ አመለጠው። ሽንፈቱ ሁሉ በዚህ ምክንያት መጣ አልልም፤ የማጥቃት ክፍሉ በዚያ ዓመት እንደ 2014ቱ አንድ ልብ ሆኖ አለመጫወቱን ግን የተመለከተ ሁሉ ያውቀዋል።

መልስ 3፦ የአቴንስ (ጆርጂያ) ነዋሪ

ሁለታችሁም ያልነካችሁት የደንቡን ነገር ነው፤ ባጭሩ ልናገር። በ2018 በወጣው ደንብ አንድ ተጫዋች እስከ አራት ጨዋታ ተጫውቶ ዓመቱ ከሚፈቀዱለት የመጫወቻ ዓመታት እንዳይቆጠርበት ማድረግ ቻለ፤ የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ያኔ ትሬቨር ሎረንስን ቋሚ ሲያደርግ ኬሊ ብራያንት ከአራት ጨዋታ በኋላ የሄደው በዚህ ደንብ ነው። በዚያው ሳምንት ሎረንስ ተጎዳ፤ ቡድኑ ያሸነፈው በሦስተኛው ልጅ ነው። በ2021 ደግሞ የሚዛወር ተጫዋች አንድ ዓመት ከጨዋታ ርቆ የመቀመጥ ግዴታው ተነሣለት። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት አሰልጣኝ ቋሚውን በጸደይ ካሳወቀ ሁለተኛው ሻንጣውን ይሸክፍ ነበር። ዝምታው ምሥጢር ከመጠበቅ ይልቅ ሁለተኛውን ልጅ ለማቆየት ነበር፤ ለልጁ ግን እውነቱን መንገር ይሻል ነበር እላለሁ።

እዚህ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ውድድሩን የጀመረው ጄቲ ዳንኤልስ ነበር። ሻምፒዮናውን ያመጣው ግን ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑን የተቀላቀለው፣ መሃል ላይ ትቶት ሚሲሲፒ ውስጥ ወደሚገኝ አነስተኛ ኮሌጅ ሄዶ የተመለሰው ስቴትሰን ቤኔት ነው። ለልጅዎ ይህንንም ይንገሩት።

የጠያቂው ምላሽ፦ የክላርክስተን አባት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኦሃዮዋን እህቴን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ልጄን ክንዱን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። መጀመሪያ እምቢ አለ። በኋላ ሸሚዙን ሲያወልቅ ክርኑ በውስጥ በኩል አብጦ አየሁ፤ ካመመው አምስት ቀን ሆኖታል። ነገ ወደ ሐኪም እወስደዋለሁ፤ ሐሙስ አይለማመድም። «ባዶ ዜሮ ለ24 ይሆናል» ብሎ አለቀሰ። ለአሰልጣኙ ምን ብዬ ልንገረው?

መልስ 4፦ ከኦሃዮ፣ የስፖርት ሕክምና ባለሙያ

ወንድሜ፣ ለአሰልጣኙ ልጁ ራሱ ይንገረው፤ እርስዎ አጠገቡ ይቁሙ። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ይዞ ይሂድ፣ መወርወር የሚከለከልበትን ቀን ብዛትም በግልጽ ያስጽፉ። ቤት ግን እንዳይቀር። መለያውን ለብሶ ከኳርተርባኩ ኋላ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ይቁም፤ ምልክቱ ሲሰጥ ጨዋታውን በቃሉ ይጥራ፣ ኳሱ ሳይነሣ ተከላካዮቹ የቆሙበትን አይቶ ለማን እንደሚወረውር ለራሱ ይወስን፣ ከዚያ ጓደኛው ካደረገው ጋር ያስተያየው። በደብተሩ ላይም ሐሙስ ዕለት ይህንኑ ይጻፍ፤ ስንቱን በትክክል እንዳነበበ።