ሳይድ ፖኬት፦ የኛው የትኛው ነበር?

ሰላም ቤተሰብ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። እባካችሁ አግዙኝ።

ልጅ ሆነን ፒያሳ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ሳይድ ፖኬት የሚባል የፑል ጌም እንጫወት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ይደረደራል፤ ሳትነካው ኳሷን ቀዳዳ ውስጥ መክተት ነው። ስስት ታላቅ ወንድሜ «አብሽር፣ ድገመው» ይለኝ ነበር። አሁን ከስንት ዓመት በኋላ ከዓረብ አገር ሊመጣ ነው። ያንኑ ላጫውተው ብዬ ስልኬ ላይ ጫንኩት፤ ግን ብርጭቆ የሚባል ነገር የለም!

ጌሙን ዳታ ኢስት የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1986 እ.ኤ.አ. ለአርኬድ (ሳንቲም እየተከተተበት ለሚጫወቱበት ትልቅ ማሽን) ነው ያወጣው። ከዚያ ለጌም መጫወቻዎቹ ለኒንቴንዶና ለጌም ቦይ፣ በኋላ ለሴጋ ሜጋ ድራይቭና ለሱፐር ኒንቴንዶ ወጣ። እኔ የጫንኩት የድሮውን የኒንቴንዶ ነው። ብርጭቆ ያለው የሴጋው ነው ወይስ የሱፐር ኒንቴንዶው? ሁለቱንም የተጫወታችሁ ልዩነታቸውን ንገሩኝ።

ደግሞ ነጯ ኳስ ሁሌ ተከትላ ትገባብኛለች። ወደ ኋላ እንድትመለስ ምኗን ልምታት?