የአባቴን የቦውሊንግ ኳስ ማዳን እፈልጋለሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። አባቴ ታክሲ በሚነዳበት ጊዜ እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወትበት የነበረውን ባለ 15 ፓውንድ ኳስ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት፣ 12 አመት ማንም አልነካውም። ሪአክቲቭ ሬዚን ነው፣ ማለት ሌኑ (ኳሱ የሚንከባለልበት ወለል) ላይ የሚቀባውን ዘይት እየመጠጠ የሚያስቀር አይነት ስለሆነ እንደ ፕላስቲኩ ኳስ በጨርቅ ጠርገህ የምትገላገለው አይደለም።

ቅዳሜ የጣት ቀዳዳዎቹን ውሃ በማያስገባ ቴፕ አሽጌ ባልዲ ውስጥ በሙቅ ውሃና በእቃ ሳሙና 20 ደቂቃ ዘፈዘፍኩት፣ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ በቴርሞሜትር እየለካሁ፣ ምክንያቱም ከልክ በላይ ከሞቀ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሳወጣው ግንባሩን እንዳላበው ሰው ዘይቱ ነጠብጣብ ሰርቶ ላዩ ላይ ቁጭ አለ፣ በአልኮል ጠረግኩት። ሶስቴ ደጋገምኩት፣ ግን በማግስቱ ስነካው አሁንም ያሙለጨልጫል። ኦቨን ውስጥ ክተተው ያለኝ ሰው አለ፣ እሱንስ በፍጹም አላደርገውም።

አሁን የጨነቀኝ፣ በ500 ግሪት ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ይልማል) ጀምሬ ወደ 1000 ከዛ 2000 እያልኩ ላዩን ልፈግፍገው ወይስ ዘይቱ እስኪያልቅ ልጠብቅ? ከሁሉ የባሰው ደግሞ አውራ ጣት ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቀጭን ስንጥቅ አለ፣ 2 ሳንቲሜትር ይሆናል። ኢፖክሲ (ጠንካራ ማጣበቂያ) ይበቃዋል ወይስ ስወረውረው ይሰፋል? ቀዳዳውን ደፍኖ እንደገና መብሳት እንደሚቻል አውቃለሁ፣ ግን በአባቴ ጣት ልክ የተበሳ ስለሆነ ባይነካ እመርጣለሁ። ለፋሲካ ይመጣል፣ እጁ ላይ ላስይዘው ነው ያሰብኩት።