ላምብ ላይ ልጁ ወጥ መስራቱ ለፈረንጅ ተብሎ ነው ወይስ የኛው እውነት?

አወያይ፦ ሰላም ቤቶች። ትላንት ቮይስ ላይ ተጨቃጭቀን ያላለቀውን እዚህ እንጨርሰው። ላላያችሁት፣ የያሬድ ዘለቀ ላምብ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ኦፊሻል ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበትን የ9 ዓመት ልጅ ኤፍሬምን አባቱ በድርቁ ምክንያት ስራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ከበጉ ከቹኒ ጋር ዘመድ ቤት ይተወዋል፣ አጎትየው ቹኒን ለመስቀል ማረድ ይፈልጋል፣ ልጁ ደሞ ከእርሻ ይልቅ የሚሆንለት ወጥ መስራት ነው። በሉ ቀጥሉ።

የቦሌ ልጅ፦ ለፈረንጅ ነው። ድርቅ፣ ተራራ፣ የሚያለቅስ ህጻን፣ ትንሽ ጀንደር ጣል፣ አለቀ። የትኛው የገጠር ልጅ ነው ወጥ ልስራ ብሎ የሚሟገተው? ሲኒማቶግራፊው ያምራል፣ እሱን አልክድም።

ገበሬ ያሳደገው፦ ገጠር ያደኩት እኔ ነኝ ልንገርህ። እናቴ አራስ ስትሆን ወጡን የሚሰራው ታላቅ ወንድሜ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ግን በጓሮ ይወጣል። ስራውማ ድሮም አለ፣ መታየቱ ነው የሚያሳፍረን፣ አጎትየውንም ያሳበደው እሱ ነው። ደብረ ዳሞ ሴት አትገባም አይደል? ምግቡን ማን ይሰራዋል እስኪ መልስልኝ ሃሃሃ

ማሚ ዲሲ፦ እኔ ፌስቲቫል ላይ ልጆቼን ይዤ ነው ያየሁት፣ በጉ ይታረድ ሲባል ፈረንጆቹ በሙሉ ኡኡ አሉ፣ እኛ አበሾቹ ደሞ ለመስቀል በግ ማረድ ምን ይገርማል ብለን ተያየን። የኔ ቅሬታ አጎትየውን ጨካኝ ማለታችሁ ነው፣ ሰውዬው እኮ በዛ ድርቅ ቤት ሙሉ ሰው እያበላ ሌላ አፍ የተጨመረበት ነው።

የቦሌ ልጅ፦ እትዬ ይኸው አሉት! እነሱ የሚያለቅሱበትና እኛ የምናለቅስበት ከተለያየ ለነሱ ነው የተሰራው።

ማሚ ዲሲ፦ ኧረ ያላልኩትን አታስብለኝ ልጄ፣ ሁለት ሰው አንድ ፊልም አይቶ የተለያየ ቦታ ቢያለቅስ ዳይሬክተሩ ምን ያድርግ?

ከሀይፋ፦ የልጁ እናት ቤተ እስራኤል መሆኗን ማንም አላነሳም፣ እኛ ቤት ያስለቀሰው እሱ ነው፣ ይሁን። የዓለምወርቅ ዳዊድያንን ፊልም ፊግ ትሪን (እ.ኤ.አ. 2018) ያየ አለ? አዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. 1989፣ ሚና የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ሊሄድ እየተዘጋጀ እሷ ክርስቲያን ፍቅረኛዋን ከደርግ አፈሳ ለማዳን ስትፍጨረጨር። እሱም ፌስቲቫል ዞሯል፣ እዚህ ሰፈር ግን ለፈረንጅ ነው ያለው ሰው አላጋጠመኝም። የሚያሳፍረን ነገር ሲሆን ብቻ ነው ፈረንጅ የሚጠራው።

የቦሌ ልጅ፦ አፈሳና ሽንኩርት መክተፍ አንድ ነው እንዴ?

ገበሬ ያሳደገው፦ ሳምቡሳውስ? ልጁ ወደ ሀገሩ መመለሻ የአውቶቡስ ሂሳብ ሊያጠራቅም የወጣው ሳምቡሳ እየሰራ ገበያ በመሸጥ ነው።

የቦሌ ልጅ፦ እሱማ ቢዝነስ ነው ብሮ፣ ለገንዘብ ከሆነ ሌላ ነው፣ ሆቴል ያለው ሼፍ ሁሉ ወንድ አይደል።

ማሚ ዲሲ፦ እና ሚስትህ ደሞዝ ከቆረጠችልህ ጓዳ ትገባለህ ማለት ነው?