ተቆጣጣሪ ቲ ሴል ላይ አንድ የተማሪ ጥያቄ ይዞኛል፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እ.ኤ.አ. የ2025 የሕክምና ኖቤል ለሜሪ ብራንኮው፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ ሲሰጥ ስለ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች፣ ማለትም ሌሎቹ የመከላከያ ሴሎች የገዛ አካልን እንዳያጠቁ ስለሚገቱ ነጭ የደም ሴሎች፣ አንድ ክፍለ ጊዜ አዘጋጀሁ።

ያስረዳሁት ይህን ነው። ሴሎቹን የሚመራቸው ፎክስፒ3 የሚባል ጂን ነው። ጂኑ ሲበላሽ ሕፃናትን አይፔክስ የሚባል ከባድ በሽታ ይይዛቸዋል፤ የገዛ መከላከያቸው አንጀታቸውን፣ ቆዳቸውንና ቆሽታቸውን ያጠቃል። ተቆጣጣሪዎቹ ሌሎቹን ቲ ሴሎች የሚያበርዱበት መንገድ ብዙ ነው። ቲ ሴሎች ለመራባት የሚፈልጉትን ኢንተርሉኪን 2 የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ይሻሟቸዋል። ላያቸው ላይ ባለ ሲቲኤልኤ4 በተባለ ፕሮቲን አማካኝነት፣ ቲ ሴሎችን ከሚያነቁት ዴንድሪቲክ ሴሎች ላይ ማነቃቂያውን ሞለኪውል ይነጥቃሉ። መከላከያን የሚያበርድ ኢንተርሉኪን 10 የተባለ ፕሮቲንም ያመነጫሉ።

«ገላጋይ በሏቸው» አልኳቸው። ክፍሉ በሙሉ ገባው። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ግን እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ ሌባ የያዘውንም ሰው ይገላግላሉ እንዴ?»

ጎበዝ ልጅ ናት፤ ነጥቡን አገኘችው፦ ሌባው ጀርሙ ነው፣ የያዘው ሰው ደግሞ ጀርሙን የሚዋጋው ቲ ሴል። ተቆጣጣሪዎቹ በአብዛኛው የራስን አካል ፕሮቲን እንደሚለዩ ነገርኳት። አልበቃትም፤ እኔንም አልበቃኝ። አንዴ ከነቁ አጠገባቸው ያለውን ሁሉ ማብረድ ይችላሉ፤ ኢንተርሉኪን 10 ደግሞ የቲቢ ባክቴሪያን የሚዋጋውን ሴል ለይቶ አይተውም። መማሪያ መጽሐፉ እዚህ ድረስ አይሄድም። ፈልጌ ያገኘሁት ጽሑፍ ስለ ካንሰር ነው፤ እዚያማ ጭራሽ ዕጢውን ከጥቃት ይከልሉታል ይላል።

ልጆቹን በደፈናው መመለስ አልፈልግም። ጀርም ሲገባ ሌሎቹን ቲ ሴሎች ከተቆጣጣሪዎቹ ጫና ለጊዜው ነፃ የሚያወጣቸው ምልክት ምንድን ነው?