የሞሮኮ የሂና ንድፍ በካንቫስ ላይ ሲጠለፍ መስመሩ ለምን ይሰበራል?

ጥያቄ — ባለመርፌዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሽዶድ ነው። የወንድሜ እጮኛ ቤተሰቦች ከፌዝ ከተማ የመጡ የሞሮኮ አይሁዶች በመሆናቸው ከሠርጉ በፊት የሂና ምሽት ይደረጋል፤ እኔም ለዚያ ምሽት 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የትራስ ልብስ ጠልፌ ለሙሽራዋ እናት ለማበርከት አስቤአለሁ። ንድፉ በፌዝ የሚቀባው ዓይነት የሞሮኮ ሂና እንዲሆን ስለፈለግሁ፣ በእጅ ጀርባ ላይ የተቀባ ሂና የሚያሳይ ፎቶግራፍ አግኝቼ በመስኮት መስታወት ላይ አስደግፌ ወደ ካንቫሱ ገለበጥሁት። ካንቫሱ በአንድ ኢንች 14 ቀዳዳ ያለው ሲሆን፣ ስፌቱ ደግሞ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሰያፍ ጎረቤቱ የሚሻገረው የተለመደው ቴንት ስቲች ነው።

አንድ ሳምንት ያህል ከሠራሁ በኋላ ግን ሥራው ሂና መምሰሉ ቀረ። ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ የሚወጡት መስመሮች እንደ ገመድ ወጥ ሆነው ሲታዩ፣ ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች የሚወርዱት እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆራርጠዋል። መሃል ላይ ካለው ባለስምንት ጫፍ ኮከብ አራቱ ጫፎች ረዝመው አራቱ አጥረዋል፤ ቀጫጭኖቹ ቅጠሎችና ጠመዝማዛ ሐረጎች ደግሞ ምን እንደሆኑ እንኳ አይለዩም። ልጅ ሳለሁ የተማርሁት ንድፉን በእርሳስ ጨርቅ ላይ ሥሎ መርፌን እንደ ልብ እያዞሩ መጥለፍን ስለሆነ፣ ቀዳዳ እየቆጠሩ መሥራት ለእኔ አዲስ ነው። ስህተቱ የፎቶግራፉ ነው፣ የካንቫሱ ነው ወይስ የእጄ? ባለ 18 ቀዳዳ ካንቫስ ብገዛ ይሻሻል ይሆን?

መልስ — ቆጥሮ ሰፊ

እህቴ፣ እጅዎ ምንም አላጠፋም። የገለጹት ነገር የቴንት ስቲች ጠባይ ነው። እያንዳንዱ ስፌት ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ ያዘነብላል፤ ስለዚህ መስመሩ ራሱ በዚያው አቅጣጫ ሲሄድ አንዱ ስፌት ካለቀበት ቀዳዳ ሌላው ይነሣል፣ ክሩም ሳይቋረጥ የተዘረጋ ይመስላል። በተቃራኒው ሰያፍ ግን እያንዳንዱ ስፌት መስመሩን ተሻግሮ ይተኛል፤ ዓይን የሚያየው መስመርን ሳይሆን በተርታ የቆሙ አጫጭር ዱላዎችን ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ለወንበር መቀመጫ ባለ አልማዝ ቅርጽ ንድፍ በአንድ ስፌት ውፍረት ጀምሬ፣ የአልማዙ ሁለት ጎኖች ጠንካራ፣ ሁለቱ ደግሞ የተበሉ ሆነውብኝ የአሥር ቀን ሥራ በመቀስ ተርትሬአለሁ።

ባለ 18 ቀዳዳ ካንቫስ ጥርሱን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ዋጋውንም ያስቡበት፤ 40 ሴንቲ ሜትር በባለ 14 ቀዳዳ ካንቫስ 220 ስፌት ገደማ ስለሆነ ትራሱ በጠቅላላው 48 ሺህ ስፌት ይፈልጋል፣ በባለ 18 ቀዳዳው ግን ወደ 80 ሺህ ይደርሳል። የሠርጉ ቀን ከተቆረጠ እኔ በ14ቱ እጸናለሁ። መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ዋና ዋና መስመሮችን በሁለት ስፌት ውፍረት መሥራት፣ ወይም በሚሰበረው ሰያፍ ላይ ብቻ ስፌቱን ገልብጦ ከቀኝ ታች ወደ ግራ ላይ እንዲያዘነብል ማድረግ። ሁለተኛው መንገድ ለሂና ይበልጥ ይስማማል፣ ቀጭኑን መስመር ቀጭን አድርጎ ያቆይልዎታልና። የተገለበጠውና ያልተገለበጠው መስመር በኮከቡ ጫፍ ላይ ሲገናኙ አንድ ቀዳዳ ይጋራሉ፤ እዚያ ላይ ክሩን አጥብቀው አይሳቡ፣ አለዚያ ቀዳዳው ይሰፋል።

ኮከቡን በተመለከተ፣ ሞሮኮዎች ኻተም ማለትም ማኅተም የሚሉት ይህ ቅርጽ ሁለት እኩል ካሬዎች ተደራርበው አንዱ በ45 ዲግሪ የዞረበት ነው። የዞረው ካሬ ጫፍ ከመሃሉ ያለው ርቀት ከቀጥተኛው ካሬ ግማሽ ጎን 1.414 እጥፍ መሆን አለበት፤ ከፎቶግራፍ ሲገለበጥ የሚዛባውም ይኸው ነው። በቀዳዳ ሲቆጠር 5 እና 7 ይቀራረባል፣ 12 እና 17 ግን ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ከመሃሉ ስፌት ወደ አራቱም አቅጣጫ 12 ይቁጠሩና ቀጥተኛውን ካሬ ያቁሙ፤ ከዚያ ከመሃሉ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ 17 ቆጥረው ጫፎቹን በሰያፍ ያገናኙ። ልክ ከሠሩት ሰያፉ የካሬውን ጎን ከማዕዘኑ 7 ስፌት ላይ ይቆርጠዋል፤ ጎኑም 7፣ 10፣ 7 ተብሎ ይከፈላል። ይህ ቁጥር ካልመጣልዎ መርፌ ሳያነሡ ባለካሬ ወረቀቱን ያርሙ። ኮከቡ በጠቅላላው 35 ስፌት፣ በእርስዎ ካንቫስ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ይሆናል።

መልስ — የጥለት ወዳጅ

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ቢሆንም፣ እኔ ፎቶግራፉን ጨርሶ ቢተዉት እመርጣለሁ። በቆዳ ላይ ያለ መስመር ወደ ፈለገበት ይዞራል፤ በካንቫስ ላይ ያለው ግን ከቀጥታ፣ ከአግድምና ከሰያፍ ውጭ መንገድ የለውም። አንዱን ወደ ሌላው የመለወጡን ሥራ ደግሞ የፌዝ ሴቶች ከእኛ በፊት ጨርሰውታል። ተርዝ ፋሲ የሚባለው የፌዝ ጥልፍ የጨርቁን ክር እየቆጠሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀለም ብቻ፣ ብዙ ጊዜም በሰማያዊ የሚሠራ ሲሆን፣ ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ሆኖ መውጣቱ የጠላፊዋ የሙያ መለኪያ ነው። ኮከቡ፣ አልማዙ፣ የተሰባበረው የጠርዝ መስመር፣ በእጅ ላይ ሲቀባ የምናየው ሁሉ እዚያ በቀዳዳ ተቆጥሮ ይገኛል። የፌዝን ሂናና የፌዝን ጥልፍ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ከአንድ እጅ የወጡ ሊመስሉት ይችላሉ። ስለዚህ ከእጅ ፎቶግራፍ ይልቅ የአንድ አሮጌ የፌዝ ጠረጴዛ ልብስ ፎቶግራፍ ፈልገው ስፌቶቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ በሙዚየሞች ድረ ገጽ ላይ በጥራት የተነሡ አሉ። ሌሎቹ ከተሞች የየራሳቸው መንገድ ስላላቸው እንዳይቀላቀሉብዎት ይጠንቀቁ፤ የአዘሙር ጥልፍ፣ ለምሳሌ፣ መደቡን ሞልቶ ወፉን ወይም ዘንዶውን ባዶ የሚተው ነው፣ ከፌዝ ሂና ጋርም አይገናኝም።

ሌላው ችግር የአቀማመጥ ነው። ሂና ለእጅ የተፈጠረ ንድፍ ነው፤ በጣት ላይ ይቀጥናል፣ በእጅ ጀርባ ላይ ይሰፋል፣ አንጓ ላይ እንደ አምባር ይዘጋል። የእጁን ሥዕል እንዳለ ካሬ ትራስ ላይ ሲያሳርፉት ጣቶቹ ወደ አንድ ጎን ተንጠልጥለው አራቱ ማዕዘኖች ባዶ ይቀራሉ። ንድፉን ቢበትኑት ይሻላል፤ በእጅ ጀርባ ላይ ያለው ለመሃሉ፣ በጣቶቹ ላይ ያሉት ጠባብ መደዳዎች ለዙሪያው ጠርዝ፣ የአንጓው ደግሞ ሁለቱን ለሚለየው ቀበቶ ይሆናል።

ደረጃ ደረጃ መስሎ የሚታየውን ሰያፍም እጅግ አይፍሩት። የእኛ ሸማኔ ጥለት ሲያስገባ ድሩን ቆጥሮ እያነሣ ስለሆነ የሚያወጣው አልማዝ ሁሉ ባለደረጃ ነው፤ ይህንንም ለመደበቅ ሲደክም አይቼ አላውቅም።

መልስ — ከሻርጃ

እዚህ በሴቶች የውበት ሳሎን ለስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሂና መቀባትም የዕለት ሥራዬ ነበር። «ቅጠሎችና ጠመዝማዛ ሐረጎች» ያሉትን ሳነብ ፎቶግራፍዎ የሞሮኮ ብቻ እንዳልሆነ ጠረጠርሁ። ትልልቅ አበባና ተንጠልጣይ ሐረግ፣ በመካከሉም ሰፊ ባዶ ቆዳ፣ እኛ ኸሊጂ የምንለው የባሕረ ሰላጤው አቀባብ ነው፤ በኢንተርኔት ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው «ሞሮካን» ተብለው ይለጠፋሉ። በ2024 ሞሮኮን ጨምሮ 16 የዓረብ አገሮች ሂናን በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ በጋራ አስመዝግበዋል፣ ሆኖም ስሙ አንድ ቢሆንም የየአገሩ እጅ የተለያየ ነው።

የሞሮኮዋ ቀቢ፣ በእነርሱ አጠራር ነቃሻ፣ ብዙ ጊዜ የምትሠራው በመርፌ ሲሪንጅ ነው፤ የመርፌው ሹል ጫፍ ደንዝዞ ሂናው በእርሱ በኩል ይወጣል። ከዚያ የሚወጣው መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ እኩል ነው። የሕንዶቹ በላስቲክ ጥቅልል ተጨምቆ የሚወጣው ግን እንደ እጁ ግፊት ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ይህን የምለው ለሥራዎ ስለሚጠቅም ነው፤ እኩል ውፍረት ያለው መስመር በእኩል ስፌት ሊተካ ይችላል፣ የሚወፍርና የሚቀጥነው ግን በባለ 14 ቀዳዳ ካንቫስ ላይ አይቻልም። ሐረጎቹን ያውጧቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በጥቁር ክር አይሥሩት። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተጨመረበት ሲሆን፣ ቆዳ ሲያቆስል በዓይኔ አይቻለሁ። የእውነተኛው ሂና ቀለም ሊጡ ተፍቆ ሲነሣ ብርቱካናማ ነው፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቀይ ቡናማ ይጠቁራል።

ምላሽ — ባለመርፌዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የሠራሁትን ሁሉ ተረተርሁ፤ ክሩን እንኳ ማትረፍ አልቻልሁም። ከዚያ ባለካሬ ወረቀት አንሥቼ በ12 እና በ17 ቆጠርሁ፣ ጎኑም በትክክል 7፣ 10፣ 7 ሆኖ ተከፈለ። ኮከቦቹን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሜ ስደረድራቸው በአራቱ መካከል ጫፎቹ የሾሉ መስቀል የሚመስል ቅርጽ በራሱ ወጣ፤ እኔ አልሣልሁትም። ይህን ለአይሁድ ቤተሰብ በሠርግ ስጦታ ማቅረብ ነውር ይሆን ብዬ ደነገጥሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ክሩ ነው። ካንቫሱ ነጭ ስለሆነ በቡናማው ክር መካከል ነጩ ብልጭ ብልጭ እያለ ያስቸግረኛል።

መልስ — የጥለት ወዳጅ

አይደንግጡ። ኮከብና መስቀል ተጋጥመው የሚሞሉት ይህ ድርድር በእስላማዊው ዓለም የግድግዳ ሸክላ ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ንድፍ ነው፤ መስቀሉ ኮከቦቹ ትተውት የሚሄዱት ክፍት ቦታ እንጂ የሃይማኖት ምልክት አይደለም። የፌዝ ሰው ከሆኑ በከተማቸው ግድግዳ ላይ ዘሊጅ፣ ማለትም የተቆረጠ ባለቀለም ሸክላ፣ ሲያዩ ያደጉ ናቸውና ለእንዲህ ያለ ድርድር እንግዳ አይሆኑም። ልብዎ ካላረፈ ግን በክፍት ቦታው መካከል ትንሽ አልማዝ ያስገቡበት፣ ቅርጹ ይለወጣል።

መልስ — ቆጥሮ ሰፊ

ኮከቦቹ ጫፋቸውን ከተጋሩ ድግግሞሹ 34 ስፌት ነው። ስድስት ኮከብ በአንድ መደዳ 205 ስፌት ይወስዳል፤ በየጎኑ 7 ስፌት ለጠርዝ ቢጨምሩ 219 ይሆናል፣ ከ40 ሴንቲ ሜትርም አያልፍም። ሠላሳ ስድስቱንም ኮከብ በአንድ ዓይነት አይሙሏቸው፤ ነቃሻዎቹ አንዱን በነጠብጣብ፣ ሌላውን በመረብ ይሞላሉና።

ስለ ነጩ፣ መስመሮቹ የሚያልፉበትን ቦታ ብቻ ቀድመው በውኃ በቀጠነ ቡናማ አክሪሊክ ቀለም ይቀቡት። ቀዳዳው እንዳይደፈን ብሩሹ ደረቅ ይሁን፤ አንድ ቀንም ይደር። ክሩ ስድስቱም ዘለላ ሳይቀነስለት፣ መርፌው ጫፈ ደንዳናው ቁጥር 20 ወይም 22 ይሁን። ዲኤምሲ ከሚባለው ኩባንያ ክር የቀለም ቁጥር 918 ለዋናው መስመር፣ 920 ለመሙያው፣ 922 ለነጠብጣቡ ቢወስዱ ከሻርጃ የጻፉት እህት የገለጹት የቀለም አካሄድ ይመጣልዎታል፤ መደቡ ደግሞ ያልነጣ የጥጥ ቀለም ይሁን። መደቡን በአግድም እየሄዱ አይሙሉት፣ ካንቫሱ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል። በሰያፍ እየወጡና እየወረዱ ይሥሩት፤ ጀርባው እንደ ቅርጫት ሽመና ተቆላልፎ ይወጣል፣ ካንቫሱንም ይይዘዋል። የፌዝን ጥልፍ ተከትለው ጀርባውን እንደ ፊቱ ለማድረግ ግን አይድከሙ፤ ያ በስስ ጨርቅ ላይ ለሚሠራ ጥልፍ ነው፣ የትራሱን ጀርባ ደግሞ ገበር ይሸፍነዋል።

ሲጨርሱ በትንሹ አርጥበው፣ አራቱን ማዕዘን በማዕዘን መለኪያ እያስተካከሉ፣ በጣውላ ላይ በማይዝግ ሚስማር ወጥረው እስኪደርቅ ይተዉት። ሁለት ቀን ካልበቃው ሦስተኛውን ይጨምሩለት፤ እርጥቡን ካወረዱት ተመልሶ ይጣመማል።